አባወራ የተባለው ንጉሥ

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መደበኛ ትምህርት አልነበረም፤ ክበብ ነበር። ደባርቅ በተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ክበብ የሚውል ተማሪ አይፈቀድም። ድምፅ ያለው ኪነት ይገባል፤ ሩጫና ኳስ የሚወድ ስፖርት፤ ጉልበት ያለው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ድንችና ጎመን የሚያለማው የእርሻ ክበብ። የሴቶቹ ምርጫ አጭር ነበር። ዘጠነኛ ክፍል እንደገባን አብዛኞቻችን ሳንጠየቅ ባልትና ክበብ ተመደብን። እዚያ ጥልፍ እንጠልፋለን፣ ልብስ እንጥፋለን፣ ዱቄትና ስኳር ሲገኝ ደግሞ ብስኩት እንጋግራለን።

ስፌቱን ጠልቼው አይደለም። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ገበያው ዳር ሱቅ ነበረው፤ በረንዳችን ላይ ልብስ ሰፊዎች ከጠዋት እስከ ማታ የስፌት መኪናቸውን ሲረግጡ ነው ያደግሁት። መርፌና መቀስ ለእኔ ብርቅ አልነበሩም። ያስመረረኝ ቤት የማውቀውን ነገር ትምህርት ቤት ሄጄ መማሬ፣ ከዚያ ቤት ተመልሼ ያንኑ መሥራቴ ነበር።

አሥረኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ከሸዋ በኩል አንድ ወጣት የሒሳብ አስተማሪ ተመደበልን። የእኛን አገር ብርድ አልለመደውም፤ ሁለት ሹራብ ደራርቦ፣ በላዩ ጋቢ ጣል አድርጎ ያስተምር ነበር። ከመጣ ብዙም ሳይቆይ ማንም ያልሰማው ክበብ ከፈተ።

አንድ ረቡዕ አዲሱ ክበብ በሚሰበሰብበት የሒሳብ ክፍል አጠገብ ሳልፍ በመስኮት አየሁ። ወንዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ጠረጴዛ ላይ ተደፍተዋል፤ አንዳቸውም አይናገሩም። የትምህርት ቤታችንን ወንዶች የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያስገርም ይገባዋል። ዝም ብለው አንዲት የእንጨት ፈረስ ያያሉ። አንዱ እጁን ይሰድና መልሶ ይሰበስባል፣ ግንባሩን ይይዛል፣ እንደገና ይሰዳል። እግሬ ሳይታወቀኝ በሩ ላይ አደረሰኝ።

“ምን ፈልገሽ ነው?” አለኝ አስተማሪው።

“ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?”

“ቼዝ ይባላል።”

“ሴት መጫወት ትችላለች?”

ትንሽ አሰበና፣ “ጠጠሮቹ ማን እንደሚያንቀሳቅሳቸው አያውቁም” አለኝ። “ብቻ አንቺ የባልትና ነሽ። መጀመሪያ ከአስተማሪሽ ፈቃድ አምጪ።”

የባልትና አስተማሪያችን የጎንደር ከተማ ሰው፣ በዕድሜ የገፉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ነበሩ። እትዬ ነበር የምንላቸው። ክበብ መቀየር እንደምፈልግ ስነግራቸው ከጥልፋቸው ቀና እንኳ አላሉም።

“የጀመርሽው የጠረጴዛ ልብስስ?”

“እጨርሰዋለሁ እትዬ።”

“እንግዲያው ስትጨርሺው እንነጋገራለን። ሳትጨርሺው ግን አንድ እግርሽ ከዚህ አይወጣም።”

የጠረጴዛ ልብሱ ለወላጆች ቀን የታሰበ፣ ዙሪያውን በአበባና በሐረግ የሚጠለፍ ትልቅ ጨርቅ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ዓመቱ ሲያልቅ ለማድረስ ነው የያዙት። እኔ በእረፍት ሰዓት ጠለፍኩ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቃችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጠለፍኩ። ጭጋጉ ከከተማው ዳር ካለው ገደል አፋፍ ተነሥቶ ገበያውን ሲውጠው እንኳ ጨርቁን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ እቀጥላለሁ። ከልብስ ሰፊዎቹ አንዱ፣ “ምነው፣ ሠርግሽ ደረሰ እንዴ?” እያለ ይቀልድብኛል። “ከሠርግ የሚበልጥ ነው” እለዋለሁ።

ጨርሼ ስወስድላቸው እትዬ ፊቱን ብዙም ሳያዩ ገለበጡት። ጀርባውን በጣታቸው እየዳሰሱ ቋጠሮ ፈለጉ። አላገኙም።

“ጀርባውም ንጹሕ ነው” አሉ። “ሂጂ።”

እንዲህ ሆኖ ቼዝ ክበብ ገባሁ፤ ገብቼም መሸነፍ ጀመርኩ። ሁሉም አሸነፉኝ። ከሁሉም የከፋው ከጃናሞራ የመጣ ረጅም ልጅ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ ከተማ ውስጥ ጎጆ ቤት ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል፤ ለበዓል አገሩ የሚሄደው በእግሩ ነው። ሲጫወት አይቸኩልም፤ ሲያሸንፍም አይስቅም። ንጉሤን ይከብና፣ “አለቀ” ይላል ቀስ ብሎ።

“እንደገና” እለዋለሁ።

“መሽቷል እኮ።”

“አልመሸም። አንድ ጊዜ ብቻ።”

ጠጠሮቹን ይደረድራል፤ ደግሞ ያሸንፈኛል። ቤት ስሄድ በጨርቅ መጠቅለያ ካርቶን ጀርባ ላይ ካሬ አሰምርና ባቄላና አተር ደርድሬ የተሸነፍኩበትን ጨዋታ ከመጀመሪያው እየደገምኩ የት እንደተሳሳትኩ እፈልጋለሁ። እናቴ፣ “ይህች ልጅ እህል ስትለቅም ውላ ድስት ውስጥ አትከትም” ትላለች።

አባቴ ደግሞ ሌላ ስጋት ነበረው። አንድ ቀን ከመስጊድ ሲመለስ ካርቶኑ ፊት ቆመና ለረጅም ጊዜ አየኝ።

“ልጄ፣ ይሄ ቁማር ነው?”

“አይደለም አባ።”

“ገንዘብ አይያዝበትም?”

“ምንም አይያዝበትም።”

“ታዲያ ያሸነፈ ምን ያገኛል?”

“አሸነፈ ይባላል፤ በቃ” አልኩት።

ሳቀ። “ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ንግድ አይቼ አላውቅም” አለና ጫማውን አውልቆ ገባ። ከዚያ ወዲህ አልከለከለኝም። እንዲያውም ከአዲሶቹ ጨርቆች ጋር የሚመጣውን ጠንካራ ካርቶን ለእኔ ያስቀምጥልኝ ጀመር።

የመጀመሪያ ድሌ የመጣው ከገና በኋላ ነው፤ ከእኔ በክፍል የሚያንስ አንድ ልጅ ዘንግቶ ንግሥቱን ሰጠኝ። ትንሽ ድል ናት፤ ግን ወደ ቤት ስሄድ መሬት የረገጥኩ አልመሰለኝም።

ከዚያ ካድሬው መጣ።

ከአውራጃው ነው የተላከው፤ የክበቦችን እንቅስቃሴ ሊጎበኝ። ኪነቶች መዝሙር ዘመሩለት፤ የእርሻ ክበብ ጎመን አሳየው። ወደ እኛ ሲገባ ሁላችንም ብድግ አልን። ዲሬክተራችን ከኋላው ነበር። ካድሬው አንዱን ጠጠር አነሣና አገላበጠው።

“ይሄ ማን ነው?”

ጃናሞሬው ልጅ፣ “ንጉሥ ነው ጓድ” አለ።

“ንጉሥ።” ሌላውን አነሣ። “ይሄስ?”

“ንግሥት።”

“ይሄ ባርኔጣ ያለው?”

ልጁ አስተማሪውን አየ፤ አስተማሪው ወለሉን። “ጳጳስ ነው” አለ ልጁ።

“ከፊት የተደረደሩት ትንንሾቹስ?”

“ወታደሮች ናቸው።”

“ወታደሩ ከፊት እየሞተ ንጉሡ ከኋላ ይቀመጣል ማለት ነው?” ካድሬው ወደ ዲሬክተሩ ዞረ። “ጓድ፣ ገርስሰን የጣልነውን ሥርዓት ሙሉውን፣ ከነጳጳሱ ሳይቀር፣ በሳጥን አድርጋችሁ አስቀምጣችኋል!”

አስተማሪያችን ጨዋታውን ሶሻሊስት አገሮች ጭምር እንደሚጫወቱት ለማስረዳት ሞከረ። ካድሬው፣ “እስኪጣራ ድረስ” አለና ጠጠሮቹን ከነሳጥናቸው አስይዞ ሄደ። አስተማሪው እጁን ኪሱ ከቶ መስኮቱ አጠገብ ቆመ። “ክበቡ ለጊዜው ቆሟል” አለን ሳይዞር። “ወደየቤታችሁ ሂዱ።”

ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ። እኔ አልወጣሁም። የጠረጴዛ ልብስ ሙሉ የጠለፍኩት ለዚህ ነው?

“ጋሼ፣ የተከለከለው ጨዋታው ነው ወይስ ሳጥኑ?”

“ማለት?”

“የወሰደው ሳጥኑን ነው። የተቆጣው በስሞቹ ነው። ስለ ጨዋታው ምንም አላለም።”

ጃናሞሬው ልጅም በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። “እውነቷን ነው” አለ። “ጠጠር እኛ እንሠራለን። ስም ደግሞ ይቀየራል።”

አስተማሪው ሁለታችንንም አየን። ፈርቶ ነበር፤ መፍራቱንም አልደበቀንም። “እኔ አላዘዝኳችሁም” አለ መጨረሻ ላይ። “ግን አልከለከልኳችሁም።”

ጠጠር የምንሠራበትን ነገር ያገኘሁት ሱቃችን በረንዳ ላይ ነው። የስፌት ክር የሚጠቀለለው በትንንሽ እንጨት ላይ ነበር፤ ክሩ ሲያልቅ እንጨቱ መሬት ላይ ይጣላል። ልብስ ሰፊዎቹን ለመንኳቸው፤ ያጠራቀሙትን በጣሳ ሙሉ ሰጡኝ። ረጅሙ ልጅ በሰንጢ ይጠርባል፣ እኔ አስጌጣለሁ። ለንጉሡ ትልቅ የካፖርት ቁልፍ አናቱ ላይ አደረግንለት፤ ለንግሥቲቱ ቀይ ክር ጠመጠምኩላት። ለፈረሱ ከአሮጌ ጫማ ቆዳ ሁለት ጆሮ ቆረጥንለት፤ ጆሮዎቹ ስለረዘሙ ፈረስ መሆኑ ቀርቶ በቅሎ መሰለ። ግማሾቹን ጥቁር የጫማ ቀለም ቀባናቸው። ሰሌዳውን እኔ ሰፋሁት፤ ነጭ አቡጀዲና ጥቁር ጨርቅ በካሬ በካሬ ቆርጬ ገጣጠምኩ።

መጫወቻ ቦታ ግን አልነበረንም። የሒሳቡ ክፍል ረቡዕ ረቡዕ መቆለፍ ጀምሯል። ሰሌዳውን ጠቅልዬ ወደ እትዬ ሄድኩ። ዘርግተው አዩት፤ እንደ ልማዳቸው ገልብጠው ጀርባውን ዳሰሱ።

“ይሄ ጥሩ ስፌት ነው” አሉ። “የእጅ ሥራ አይደለም የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እዚያ ጥግ ያለውን ጠረጴዛ ውሰዱ። ግን ወንዶቹ ክፍሌን በጭቃ እግራቸው እንዳያበላሹብኝ።”

እንዲህ ሆኖ የቼዝ ክበብ ባልትና ክፍል ውስጥ እንደገና ተከፈተ። አንድ ጥግ ሴቶቹ ይጠልፋሉ፤ ሌላው ጥግ እኛ እንጫወታለን። አስተማሪያችንም በሁለተኛው ሳምንት፣ ቁልፍ የረሳ መስሎ ብቅ አለና ሳይወጣ ቀረ።

የቀረው ስሙ ነበር። ንጉሥ ማለት አይቻልም። አንድ ዘጠነኛ ክፍል ልጅ፣ ምንም ክፋት ሳያስብ፣ “ሊቀመንበር እንበለው” አለ።

አስተማሪያችን የያዘው ጠመኔ ከእጁ ወደቀ።

“ጨዋታው የሚያልቀው እሱ ሲያዝ እኮ ነው” አለ በሹክሹክታ። “ቀኑን ሙሉ ‘ሊቀመንበሩ ተከበበ፣ ሊቀመንበሩ አለቀለት’ እያላችሁ ልትጮኹ ነው?”

ከዚያ አንዷ ጠላፊ ጨርቋን አፏ ላይ አድርጋ መሳቅ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ረጅሙ ልጅ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ትከሻው እስኪርገፈገፍ። የዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ ፊት ቀላ፤ አላግጦ ሳይሆን ከልቡ ነበር ያለው።

እትዬ ብቻ አልሳቁም። “አባወራ በሉት” አሉ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ። “እሷን ደግሞ እማወራ። ቤቱን የምታሯሩጠው እሷ፣ የሚጠበቀው እሱ። የትኛው ቤት ነው እንዲህ ያልሆነው?”

ከዚያ ወዲያ ሌሎቹን መሰየም ቀላል ሆነ። ጳጳሱ ሽማግሌ ተባለ፣ ጥግ ላይ የሚቆመው ግንብ ጎተራ፣ ፈረሱ በጆሮው ምክንያት በቅሎ፣ ወታደሮቹ ገበሬዎች።

ካድሬው ፋሲካ ሳይደርስ ተመልሶ መጣ። ባልትና ክፍል ሲገባ እኔ ከጠረጴዛው ፊት ነበርኩ፤ ለመደበቅ ጊዜ አልነበረም፤ ልደብቀውም አልፈለግሁም። የክር እንጨቶቹን እያየ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። አባወራውን፣ እማወራዋን፣ በቅሎውን አንድ በአንድ ነገርኩት።

“ይሄ ገበሬ ምንድን ነው ሥራው?”

“ወደ ፊት ይሄዳል ጓድ።”

“ወደ ኋላስ?”

“ገበሬው ወደ ኋላ አይመለስም። ወደ ፊት ብቻ ነው። መጨረሻው መስመር ከደረሰ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ኃይል ይኖረዋል።”

ፊቱ ፈካ። “ገበሬው ወደ ፊት ብቻ!” አለ ለዲሬክተሩ። “ጥሩ ነው። ይሄ ነው እንጂ።” አልፎ ሄደ። የወሰደውን ሳጥን ግን አልመለሰም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

በዚያው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ዳባት ከሚገኘው ትምህርት ቤት ጋር የስፖርትና የኪነት ውድድር ተዘጋጀ። ዳባት ላይም ቼዝ የሚያውቅ አስተማሪ እንዳለ ስለተሰማ ሁለት ተጫዋች እንድንልክ ተፈቀደ። ረጅሙ ልጅና እኔ ተመረጥን። የእግር ኳስ ቡድኑ፣ ከበሮው፣ ዘማሪዎቹ፣ ሁላችንም በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርን። ነፋሱ ፊት ይገርፋል፤ ሰሌዳውን ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ይዤዋለሁ። እናቴ ነጠላዬን ከላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዛልኛለች፤ አባቴ ደግሞ መኪናው ሲነሣ፣ “በሰላም ግቢ፤ ብታሸንፊም ብትሸነፊም ጸሎትሽን እንዳትረሺ” ብሎኛል።

ዳባቶች እውነተኛ የእንጨት ጠጠር ነበራቸው። ንጉሡንም ንጉሥ ነበር የሚሉት፤ ብቻ ቃሉን ሲያወጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በሩን ያያሉ። የእኛን በቅሎ ሲያዩ ሳቁ። የእኔ ተጋጣሚ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚማር፣ ኮቱን የቆለፈ ጨዋ ልጅ ነበር።

ጨዋታው ከጅምሩ አልቀናኝም። እማወራዬን አጣሁ፤ ቀጥሎ ጎተራዎቼን። አጠገቤ ረጅሙ ልጅ ጨዋታውን አሸንፎ ተነሥቶ ከኋላዬ ቆሟል። ከሜዳው የኳስ ጩኸት ይሰማል፤ ጥቂት ቆይቶም ሾፌራችን ጥሩንባ መንፋት ጀመረ። ጭጋግ ሳይወርድ መድረስ አለብን ይላል።

ልጁ በትሕትና፣ “እህቴ፣ አልቋል” አለኝ። “እጅ ብትሰጪ ነውር የለበትም።”

“አላለቀም።”

“ምን ቀረሽ? ንጉሥሽና አንድ የታሰረ ወታደር ብቻ ናቸው።”

“እሱ አለ አይደል? ተጫወት።”

እልህ ብቻ አልነበረም። አስተማሪያችን አንድ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያሳየን ነገር ነበር፤ አባወራው ሳይያዝ፣ ነገር ግን መሄጃ ካጣ፣ ጨዋታው እኩል ይሆናል። ለዚህ ነበር አባወራዬን እያሸሸሁ ወደ ጥጉ የወሰድኩት። ሾፌሩ ጥሩንባውን ደገመ። ልጁ ቸኮለ። እማወራውን አንሥቶ ጥጉ አጠገብ አስቀመጣትና፣ “በቃ” አለ።

ሰሌዳውን አየሁ። ደግሜ አየሁ። በአባወራዬ ላይ ምንም አልመጣበትም፤ የትም ግን መሄድ አይችልም። ገበሬዬም ፊቱ ተዘግቷል።

“መሄጃ የለኝም” አልኩ።

“እኮ አሸነፍኩሽ።”

“አልያዝከኝም። መሄጃ የለኝም፤ ግን አልተያዝኩም። እኩል ነው።”

ዙሪያችንን የቆሙት ተንጫጩ። አንዱ፣ “የባልትና ሕግ ነው?” አለ፤ ሳቁ። የዳባቱ አስተማሪ መጥቶ ጎንበስ አለና ለረጅም ጊዜ አየ። ለእኔ ጊዜው ከመኪናው ጉዞ ይረዝም ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ ተማሪውን ትከሻውን መታ አደረገው።

“ልክ ናት” አለ። “አቻ ነው። ቸኮልክ።”

ልጁ እጁን ዘረጋልኝ። ተጨባበጥን። መኪናው ላይ ስንወጣ ረጅሙ ልጅ፣ “እኔ ብሆን እጅ እሰጥ ነበር” አለኝ። ከእሱ አፍ የወጣ ትልቁ ምስጋና ያ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ሲጀመር የሒሳብ አስተማሪያችን አልነበረም፤ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል። ረጅሙ ልጅም አልመጣም። አንዳንዱ አገሩ ቀርቶ ማረስ ጀመረ አለ፤ አንዳንዱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል አለ። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ሳንቃ በር ከሚባለው ሰፈር ወርደው ከሱቃችን ካኪ የሚገዙትን ጠባቂዎች፣ በጃናሞራ በኩል ስለሚያልፉ፣ እጠይቃቸው ነበር። አንዳቸውም አያውቁትም። እስከ ዛሬም አላወቅኩም።

ዲሬክተሩ ቢሮ ገብቼ ክበቡ እንዲቀጥል ጠየቅኩ።

“አስተማሪ የሌለው ክበብ የለም” አለኝ።

“እኔ አስተምራለሁ።”

“አንቺ ተማሪ ነሽ።”

በሌላ ቀን ተመልሼ ሄድኩ። መልሱ ያው ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ እትዬን ይዣቸው ሄድኩ። እሳቸው ወንበር ሳይጠብቁ ተቀመጡና፣ “አስተማሪዋ እኔ ነኝ” አሉ። “ምንም አላውቅም፤ ግን አስተማሪ ነኝ። ልጅቷ ታስተምር፤ እኔ እቀመጣለሁ።”

ዲሬክተሩ ሳይወድ ሳቀ፤ ፈቀደ።

ያን ዓመት አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኜ ክበቡን መራሁ። ከጠላፊዎቹ መካከል አራት ሴቶች ገቡ። አንዳንዶቹ ወንዶች ከሴት አንማርም ብለው ሄዱ፤ ጥቂቶቹ ተሸንፈው ቆዩ። እትዬ መጀመሪያ ላይ ጥልፋቸውን ይዘው ከዳር ይቀመጡ ነበር። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ማየት ጀመሩ። ከዚያ፣ ‘ይሄ በቅሎ ለምን እንዲህ ይጠማዘዛል?’ እያሉ መጠየቅ አመጡ። ከዚያ አንድ ረቡዕ ፊት ለፊቴ ተቀመጡና ክሩን ወደ ጎን ገፉት።

አዘንኩላቸውና ቀለል አድርጌ ጀመርኩ። እሳቸው ግን አላዘኑልኝም። እማወራቸውን እንደ ቤታቸው ሲያዟዙሯት፣ ሽማግሌዎቻቸውን ሲያሰማሩ ቆዩና አባወራዬን ጥግ ላይ ያዙት።

“አለቀ መሰለኝ” አሉ። “ልክ ነኝ?”

ልክ ነበሩ። ሴቶቹ ልጆች እልል አሉ። እኔ እስከ ቤቴ ድረስ ፊቴ እንደነደደ ሄድኩ፤ ካርቶኔን ዘረጋሁና ባቄላና አተሩን ከመጀመሪያው ደረደርኩ። በሚቀጥለው ረቡዕ ከሁሉም ቀድሜ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ነበርኩ።